የካሊና ተራ

ይህን ሰው አልነገረኝም። በሁለት ዓይኔ ያየሁት ነው።

ቀኑ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። ቦታው ቡልጋሪያ ውስጥ፣ ከፕሎቭዲቭ ከተማ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚያስነዳ የሮዶፒ ተራራ መንደር። ፀሐይ ወጥታ ነበር... "ጨለማ አሳስቶህ ነው" እንዳትሉኝ።

ሩመን እባላለሁ። የመጋዘን ዕቃ የሚቆጣጠር ሶፍትዌር የሚሠራ የስድስት ሰው ቡድን እመራለሁ። ሦስታችን ቢሮ፣ ሦስቱ ከቤት ነበር የምንሠራው።

የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ሰሞን አለቃዬ ዝድራቭካ ጠራችኝ።

"ሩመን፣ ቤቱ ቁጭ ያለ ሰው እውነት ይሠራል?"

"ይሠራል።"

"በወሬ አይሆንም። ቆጥረህ አምጣ።"

የሦስት ወሩን ሥራ ቆጠርኩ። ቢሮ ያለነው ሲቸግረን ቶሎ እንረዳዳለን። ከቤት የሚሠሩት ግን ብዙ ይጨርሳሉ። ከሁሉም በላይ የጨረሰችው ካሊና ናት፤ ከተራራው መንደር፣ ከአባቷ ቤት የምትሠራው።

ዝድራቭካ ወረቀቱን አይታ ሳቀች።

"ይቺ ልጅ ሰው ናት ወይስ ማሽን? ፊቷን ካየን ስንት ጊዜያችን ነው?"

እውነቷን ነው። ካሊና ካሜራዋን መክፈት ካቆመች ቆይታለች።

"ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ፣ ሁሉም ቢሮ ይግባ። እሷ ከቀረች ስንብቷን አንተ ትጽፋለህ።"

ደወልኩላት። አታነሳም። ትንሽ ቆይቶ መልእክት መጣ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መምጣት አልችልም።"

ያድርጉልኝ?

ሰባት ዓመት ሙሉ "አንተ ሰነፍ" ስትለኝ የኖረች ልጅ... ዛሬ አንቱ አለችኝ?

በማግስቱ ጠዋት ስብሰባ ላይ ግን ያው ካሊና ናት። "ደህና አደራችሁ፣ ሰነፎች!" አለችን። ትናንት የጨረሰችውን፣ ዛሬ የምትጀምረውን ተናገረች። አሳቀችን።

ከዚያ በኋላ ነው ጆሮዬን መጣል የጀመርኩት።

ድሮ ከጀርባዋ ዶሮ ይጮህ ነበር፣ ውሻ ይጮህ ነበር። አሁን ምንም የለም። ትንፋሽ እንኳ...

ማክሰኞ ማዕበል ተነስቶ በዚያ ተራራ መብራት ሁሉ ጠፋ። የካሊና ድምፅ ግን ጥርት ብሎ መጣ።

"መብራት አላችሁ እንዴ?" አልኳት።

"አያስፈልገኝም" አለችና ወደ ሥራው ወሬ ተመለሰች።

ሐሙስ ንጋት ላይ ስብሰባውን ለቢሮ ባልደረባዬ ለምላደን ትቼ መኪናዬን አስነሳሁ። የት እንደምሄድ ለማንም አልተናገርኩም።

ቤቱን ጠይቄ አገኘሁት።

በሩ ላይ ጥቁር ጠርዝ ያለው የሞት ማስታወቂያ ተለጥፏል። ፎቶው የካሊና ነው። ከሥሩ... "አርባ ቀን" ይላል።

ደጋግሜ አነበብኩት። ትናንት ጠዋት አውርቻታለሁ እኮ!

በሩ ተከፈተ። አንድ ሽማግሌ ስኳር የተነሰነሰበት የስንዴ ንፍሮ በሳህን ይዞ ቆሟል። አባቷ ስታሜን ነው።

"ሩመን ነህ" አለ በሹክሹክታ። "ካሳየችኝ ፎቶ አወቅኩህ። ግባ ልጄ... ቅመስላት።"

ከንፍሮው ትንሽ ቀመስኩላት።

ክፍሏ አስገባኝ። ኮምፒውተሩ ተከፍቷል። አጠገቡ የሽማግሌ መነጽር ተቀምጧል።

"ሥራውን የሠራሁት፣ መልእክቱንም የጻፍኩልህ እኔ ነኝ" አለ መሬት መሬት እያየ። "ዕድሜዬን በኮምፒውተር ሥራ ነው የጨረስኩት። ስትታመም አልጋዋ ጎን ቁጭ ብዬ እሷ እየነገረችኝ እጽፍ ነበር። ስትሄድብኝ... እጄ አልተው አለ። ስሟ ከስማችሁ መሃል እንዳይጠፋ ብዬ ነው። ጥፋት ነው አይደል?"

"ለምን መታመሟን አልነገረችኝም?"

"ጠይቃህ ነበር እኮ። የታመመ ሰው ከቤት ቢሠራ ችግር አለው ወይ ብላ።"

አስታወስኩ።

"ቁጥርሽ እስካልወረደ ማን ይጠይቅሻል" ነበር ያልኳት። እየሳቅኩ። ለምን እንደጠየቀችኝ እንኳ አልጠየቅኳትም።

ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። ከዚያ ሌላው ነገር ትዝ አለኝ።

"አባባ... ስብሰባ ላይ የሚያወራው ማን ነው?"

"ማንም። እኔ ማይክራፎኑን ዘግቼ አዳምጣችኋለሁ እንጂ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።"

"የእሷ ተራ ሲደርስስ?"

"ዝም ትላላችሁ። ሁላችሁም። አንድ ደቂቃ ያህል... ከዚያ 'እናመሰግናለን ካሊና' ትላላችሁ።"

ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"ሞቷን ሰምታችሁ የምታስቧት መስሎኝ ነበር ልጄ። ምን ዓይነት ደጋግ ሰዎች ናቸው እያልኩ ስንቴ አለቀስኩ መሰለህ።"

ወንበር ስቤ ስክሪኑ ፊት ተቀመጥኩ።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆነ።

ስብሰባው ተከፈተ። ምላደንና ደሲስላቫ ከቢሮ ናቸው፤ ፊታቸው ይታየኛል፣ ድምፃቸው ይሰማኛል። ሁለቱ ከቤት የሚሠሩትም ገብተዋል። ምላደን የራሱን ተናገረ። ደሲስላቫ ቀጠለች።

"ካሊና፣ ተራሽ ነው" አለ ምላደን።

ጸጥታ።

ክፍሉ ውስጥ የግድግዳው ሰዓት ብቻ ይሰማል።

"ይኸው... አሁን ነው ዝም የሚሉት" አለኝ ሽማግሌው በጆሮዬ።

ግን እነሱ ዝም ብለው አልነበረም የተቀመጡት።

እያዳመጡ ነበር።

ደሲስላቫ ራሷን እየነቀነቀች ትጽፋለች። ተራው የሌላ ሲሆን ሁላችንም ማይክራፎናችንን እንዘጋለን፤ ምላደን ያለ ድምፅ "አይ አንቺ!" ሲልና ሲስቅ አየሁት። ሌሎቹም ተከተሉት።

ሽማግሌው ደነገጠ። ከዚህ በፊት ስክሪኑን እያየ አዳምጦ አያውቅም መሰለኝ፤ ቀስ ብሎ ተጠጋ። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ።

"ምን አለቻቸው?" አለኝ።

"አልሰማኋትም አባባ።"

"አሳቀቻቸው እኮ..." ወደ እኔ ዞረ። "ልጄ አሳቀቻቸው።"

ማይክራፎኑን አየሁት። ተዘግቷል። በስሟ ዙሪያ ግን፣ ሰው ሲናገር ብቻ የምትበራው ቀጭን አረንጓዴ መስመር ብልጭ... ድርግም... ብልጭ ትላለች።

ሽማግሌው ሻካራ መዳፉን ስሟ ላይ አሳረፈ።

ብርሃኑ በጣቶቹ መሃል እየሾለከ... ሽማግሌው ባልሰማው ቀልድ አብሯቸው ይስቅ ጀመር።