የተሰረዘው መልስ

«ቀጥይ» አለች ሙሉካ፣ የልጇን የባዮሎጂ ደብተር ወደ ፊቷ አቅርባ። «ሴሉ ለሁለት እንዲከፈል ትእዛዝ የሚሰጠው ማነው?»

«ኢንዛይም ነው» አለች ጀናት።

«የሚያግደውስ?»

«ሌላ ፕሮቲን። ኢንዛይሙን ይዞ ያቆየዋል። ዲኤንኤው ተበላሽቶ ከሆነ እስኪጠገን ድረስ ሴሉ አይከፈልም።»

ጀናት ፈተና በደረሰባት ቁጥር ደብተር ይዛ የምትጠይቃት እናቷ ናት። ሙሉካ ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ብታቋርጥም የማታውቀውን ቃል ፊደል በፊደል አንብባ ትጠይቃለች። ዛሬ ግን አልጋዋ ላይ በትራስ ተደግፋ ነው። አንገቷ ላይ ያበጠውን ሻሿ እንኳ አልሸፈነውም።

ከእብጠቱ ተወስዶ ጅማ የተላከው ናሙና ውጤት የመጣው ባለፈው ሰኞ ነበር። የተቀበለው የጀናት ታላቅ ወንድም ሻፊ፣ መቱ ገበያ ካለው ሱቃቸው ጀርባ ጠርቶ ነገራት። ካንሰር ነው፤ ተሰራጭቷል።

«ለእማ ተራ እብጠት ነው፣ በመድኃኒት ይጠፋል ብያታለሁ። ካወቀች ተስፋ ትቆርጣለች። እንዳታበላሺው! ወላሂ በይ።»

«ወላሂ» አለችው።

«እሺ፣ የሚያግደው ፕሮቲን ቢጠፋስ?» ጠየቀች ሙሉካ።

ጀናት የብርድ ልብሱን ጫፍ ማስተካከል ጀመረች።

«ረሳሽው እንዴ?»

«አልረሳሁም። ሴሉ ዝም ብሎ ይከፈላል። ደጋግሞ። የሚያቆመው የለም።»

«ከዚያስ?»

«እሱ ፈተና ላይ አይመጣም።»

ሙሉካ ደብተሩን ወደ መስኮቱ አዘነበለችው። «መልሱን ጽፈሽው ነበር። ከዚያ ወረቀቱ እስኪቀደድ ሰርዘሽዋል። ግን ይነበባል።» ጣቷን ቃሉ ላይ አሳረፈች። «ካንሰር ይላል። የኔም ይኸው ነው፣ አይደል?»

ደጅ ላይ ባጃጅ ቆመ፤ ሻፊ ከሾፌሩ ጋር በኦሮምኛ ሲሳሳቅ ተሰማ።

«ሻፊን ልጥራው?» አለች ጀናት።

«እሱ ይዋሸኛል። ሳምንቱን ሙሉ ዓይኔን ማየት ፈርቷል።» ሙሉካ ትንፋሿን ሰበሰበች። «የቀረኝ ጊዜ አጭር ከሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። የምሠራው ሥራ፣ የምሰናበተው ሰው አለኝ። ኮቱ» አለቻት በኦሮምኛ፤ «አጠገቤ ነይ።»

ጀናት ተነሳች። የወንድሟ እርምጃ ወደ ቤቱ እየቀረበ ነበር። በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው። ተመልሳም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የእናቷን እጅ ያዘች።

«አዎ፣ እማ» አለች።

ሻፊ በሩን ማንኳኳት ሲጀምር ገና እየነገረቻት ነበር።