አሞራው እና የአባዬ እጣ

እውነት ነው። ፈጠራ ነው የሚል ካለ ካዛንቺስ መጥቶ ጋሽ መርጋን ይጠይቅ። ጋሽ መርጋ እንኳን ሊዋሹ፣ እውነቱንም በጉጠት ነው የሚያወጡት።

የፋሲካ ዕለት። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች።

ሰፈራችን ግማሹ ፈርሷል። የቀረነው ጎረቤቶች ግን እንደ ወትሮው ቅርጫ ገባን። በሬው ታርዶ፣ ሥጋው ሸራ ላይ በየመደቡ ተደልድሎ፣ እጣ እስኪጣል ቆመናል።

እኔ የቆምኩት ለአባዬ ነው።

አባዬ ከሆሳዕና ጀምሮ አልጋ ላይ ነው። እህል አይቀምስም። ሐኪሞቹ "ቤቱ ይሁን" ብለው ሸኝተውናል... ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ጠዋት ስወጣ እጄን ያዘኝ።

"ሄኒ..."

"አቤት አባዬ።"

"እጣዬን ዘንድሮ... ራሴ ነኝ የማነሳው።"

"እሺ" አልኩት። ለታመመ ሰው ምን ይባላል?

ለእጣው ምልክት እንዲሆነው ከካፖርቱ ላይ አንዷን ቁልፍ በጠስኩ። ሌላው ቆርኪ ያመጣል፣ ሌላው ጠጠር።

መጀመሪያ ያዩት እትዬ ሸዋዬ ናቸው።

"መርጋ... ያ ምንድነው?"

የፈረሰው ቤት ግድግዳ ላይ አንድ አሞራ ቆሟል። ትልቅ። አንገቱ መላጣ አይደለም፣ ስለዚህ ጥንብ አንሳ አይደለም። እግሩ እስከ ጥፍሩ ላባ ለብሷል።

"ጭልፊት ነው" አሉ እትዬ ሸዋዬ።

"ይሄ? ይሄማ ጭልፊት ቁርሱ ነው። ንስር ነው" አሉ ጋሽ መርጋ።

"ንስር ካዛንቺስ ምን ይሠራል?"

"መልሶ ማልማቱን ሊጎበኝ ነዋ!"

ሳቅን።

ከዚያ ቀና ስል... ሌላ አሞራ የለም። በፋሲካ ጠዋት፣ ይህ ሁሉ ሥጋ ተዘርግቶ፣ ሰማዩ ባዶ።

እሱም ሥጋውን አላየም። የሚያየው እኛን ነው። በየተራ።

የወፍ ሊቃውንት ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ልጠይቅ ስልኬን አነሳሁ። ስልኬ የሰው ፊት ስታይ ቢጫ ካሬ ታወጣለች።

ካሬው አሞራው ፊት ላይ አረፈ።

ስልኬን ዝቅ አደረግኳት። ደግሜ አነሳሁ።

አረፈ።

ፎቶ አንስቼ ላክሁ። አንዱ "ንስር" አለ፣ አንዱ "ጭላት"፣ አንዱ "ድሮን ነው፣ ተጠንቀቁ"። በመጨረሻ ከውሰር ጻፈች። ከውሰር ወፍ ስትለይ ተሳስታ አታውቅም።

"ላባው የንስር ነው። ዓይኑ ግን... ሄኒ፣ ፎቶውን አጥፊው።"

ጋሽ መርጋ ፊታቸውን አዙረው ምልክቶቹን በየመደቡ ጣሉ። የአባዬ ቁልፍ ጥግ ላይ ያለው መደብ ላይ ወደቀች።

ያኔ ወረደ።

ድምፅ የለውም። በመደቦቹ መሃል በእግሩ አለፈ... ቀኝ እግሩን እየጎተተ።

አባዬ ሳይተኛ በፊት እንደዚያ ነበር የሚሄደው።

አንድ ቁራጭ ጉበት ከነቁልፏ አንስቶ በረረ።

"የማን ነበር?" እትዬ ሸዋዬ በሹክሹክታ።

"የአስመላሽ" አሉ ጋሽ መርጋ። "ሄኒ... ግቢና አባትሽን እዪው።"

አልሮጥኩም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ቀስ ብዬ ገባሁ።

አባዬ ተቀምጧል። ለብቻው፣ ቀጥ ብሎ።

ያኝካል።

"ደረሰኝ" አለ። መዳፉን ከፈተ። ቁልፏ አለች። እርጥብ ናት።

መስኮቱን አየሁ። ዝግ ነው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አባቴ በላ! ለወንድሜ ልልክለት ብዬ ስልኬን አነሳሁ።

"አባዬ፣ ወደዚህ እይ።"

አየኝ።

ካሬው ፊቱ ላይ አላረፈም። ትንሽ ፈለገ... አለፈው... ከጀርባው መስኮቱ ላይ ሄዶ ቆመ።

አሞራው ከውጭ መስታወቱን ተጠግቷል። ቀስ እያለ ያንኳኳል። ቤቱ ተቆልፎበት ውጭ እንደቀረ ሰው።

"እንዳትከፍቺ" አለኝ አልጋው ላይ ያለው፣ እያኘከ።