ሁለተኛዎቹን ሽማግሌዎች ማን ላካቸው

ሮብ ገበያ በምትባለው የደጋ ከተማ እንግዳን ቀድሞ የሚተዋወቀው ብርዱ ነው፤ ሰው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ወንጌላዊት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር መምህርት ሆና ስትመደብ እናቷ ጋቢ፣ አባቷ ደግሞ ምክር ሰጥተዋት ነበር። ጋቢው ጠቀማት። ምክሩ «በሰው አገር አፍሽን ሰብስበሽ ኑሪ» የሚል ነበርና እሱንም ያዘችው፤ እንዲያውም አበዛችው። ከመምህራኑ ጋር ሰላምታ ትለዋወጣለች፤ ከዚያ አያ ደምለው ግቢ በተከራየቻት ክፍል ገብታ በሯን ትዘጋለች። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ጉም መስኮቷን ሲሸፍነው ቁጭ ብላ ታየዋለች። እንዲህ እንዲህ ስትል አንድ ዓመት አለፈ።

መሳፍንት የመጣው በሁለተኛው ዓመት፣ መስቀል እንዳለፈ ነው። ደብረ ማርቆስ በአንድ ኮሌጅ ኔትወርክ የሚያስተምር ረጅም ልጅ ነው። የኢንተርኔት መረጃ በሽቦ ሳይሆን በአየር ሲጓዝ፣ ይልቁንም በተራራ አገር፣ ለምን እንደሚንቀራፈፍ ለሁለተኛ ዲግሪው መመረቂያ ያጠናል። ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ አንቴና ሰቀለ፤ ከበላይ ካለው ሸንተረር ላይ ሌላ አንቴና፣ ባትሪና አንዲት የብረት ሳጥን ተከለ። እዚህ ያለውን ማሽን የሚጠብቅለት ሰው ሲፈልግ ርዕሰ መምህሩ ወደ ወንጌላዊት ጠቆሙት።

«ሥራው ከባድ አይደለም» አላት። «ማርቆስ ያለው የኔ ማሽን ይልካል፣ ያንቺው ይቀበላል። በተቀበለ ቁጥር ‹ደርሶኛል› ብሎ ይመልሳል።»

«ባይመልስስ?»

መሳፍንት የያዘውን ገመድ ትቶ ቀና ብሎ አያት።

«እሱ ነው ጣጣው። ላኪው መልስ ካጣ ‹መንገዱ ተጨናንቋል› ብሎ ያስባል። ስለዚህ የሚልከውን ይቀንሳል። አሁንም መልስ ካጣ የሚጠብቅበትን ጊዜ እጥፍ ያደርጋል፣ ከዚያም እጥፍ። በሽቦ ለሚሄድ ነገር ልክ ነው፤ እዚያ መልእክት የሚጠፋው በመጨናነቅ ነው። እዚህ ግን መንገዱ ባዶ ነው። መልእክቱን የወሰደበት ጉሙ ነው፤ የሚወዛወዘው ባሕር ዛፍ ነው። ላኪው ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።»

«ምስኪን» አለች ወንጌላዊት። «ነፋስ ለወሰደበት ነገር ሰውን ይጠረጥራል በለኛ።»

መሳፍንት ሳቀ። ከሳቀም በኋላ ዓይኑን ከሷ ላይ አላነሳም፤ እሷ ናት ቀድማ ወደ ማሽኑ የዞረችው።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ይደውላል። «ደረሰ?» ይላል። «ደረሰ» ትላለች። ይኼ ብቻ ነበር ሥራው። ግን ሥራ መች እዚያ ላይ ይቆማል? ብርዱን ይጠይቃታል፣ ምሳ መብላቷን ይጠይቃታል፣ እሷም ማርቆስ ምን አዲስ ነገር አለ ትላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ «ባትሪውን ልየው» እያለ ይመጣል። ያ ባትሪ ይህን ያህል የሚታይ ነገር አልነበረውም።

አንድ ቅዳሜ ሸንተረሩ ላይ ወጥተው ሳጥኗን ከፈተና አሳያት። ትንሽ ኮምፒውተር አስገብቶባታል። የሚያልፈውን መልእክት ሁሉ ቅጂውን ይዛ ትቆያለች፤ ከሷ ወዲህ ያለው አየር ላይ ከጠፋ ላኪውን ሳታስጨንቅ ራሷ ደግማ ትልከዋለች።

«ላኪው ሳያውቅ?» አለች።

«ሳያውቅ። እሱ ተስፋ ሳይቆርጥ ይቀጥላል።»

ከበታቻቸው የገብስ ማሳው በነፋስ ይተኛል፣ ይነሳል።

«ከሥራው ውጭ የምነግርሽ ነገር ነበረኝ» አለ በመጨረሻ።

«የሰማሁት መስሎኛል።»

«እና ምን አልሽ?»

ነጠላዋን አፏ ላይ ሳብ አደረገች። «አባቴ የደብረ ወርቅ መሪጌታ ናቸው። በሥርዓቱ የመጣን ሰው አያሳፍሩም።»

መሳፍንት ደስታው አንደበቱን ያዘውና ሥርዓቱ ምን እንደሆነ አልጠየቀም። አባቱ በሕፃንነቱ የሞቱበት፣ ባሕር ዳር ከእናቱ ጋር ብቻውን ያደገ ልጅ ነው፤ ማን ነግሮት ያውቃል? እሷም ያውቃል ብላ ዝም አለች።

ዳግማይ ትንሣኤ እንዳለፈ ደወለ።

«ሽማግሌዎቹ ሄደው መጡ» አላት። «‹እንመክርበታለን› ነው ያሏቸው። ቤት ምን ይባላል?»

ወንጌላዊት ደስ ብሏት ነበር። ግን ሴት ልጅ በገዛ ራሷ ጉዳይ ከአባቷ ቀድማ ምን ትላለች? ደግሞም እውነቷን ነው፣ የነገራት ሰው የለም።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች።

ከዚያ ነፋሱ መጣ፣ ስልኩም ተቋረጠ።

በማግሥቱ አልደወለም። በሌላው ቀን ደወለና ስለ ባትሪው ብቻ ጠየቀ። ቀጥሎ ከርሞ ደወለ፤ ከዚያም የበለጠ ከርሞ። ቅዳሜም መምጣቱን ተወ። «ደህና ነህ?» ብላ ጻፈችለት። «ደህና፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» የሚል መልስ በማግሥቱ መጣ። ሁለተኛ አልጻፈችም። አባቴ መልሰውት ይሆናል፣ እሱም እሺ ብሎ ተቀምጧል፤ ይህን ያህል ነበር የምወደደው አለች በልቧ።

የግንቦት በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ክፍሏ ውስጥ የራሷን ድምፅ እንኳ አትሰማም። ትምህርት ሲያልቅ ኮምፒውተር ክፍል ትገባና ማሽኑ ፊት ትቀመጣለች። የሱ ማሽን ከማርቆስ ይልካል፣ የሷው «ደርሶኛል» ይላል፣ ሲነጋገሩ ይውላሉ። በማሽን ቀናች። ቅናት ብሎ ዝም፤ ሰው በብረት ይቀናል? ቀናች፣ አለቀሰችም። ለማን ትናገር? አፏን ሰብስባ የኖረች ልጅ ነበረች፤ አሁን ልክፈተው ብትል የሚሰማት አልነበረም።

ግንቦት ሲያልቅ ደብረ ወርቅ ወላጆቿን ልትጠይቅ ሄደች። እናቷ ወይዘሮ ደብሪቱ ብቻቸውን እስኪሆኑ ጠበቁና «እነዚያ ከረባት ያሰሩ ልጆች ምን ሆነው ቀሩ?» አሏት።

«የምን ልጆች?»

«ያንቺዎቹ ሽማግሌዎች ናቸዋ። አንድ ሽበት የላቸው፣ አንድ ዘንግ አልያዙ። ተቀመጡ ሲሏቸው ተቀመጡ፣ ጠላ ሲቀዳ ጠጡ። ሽማግሌ ቃሉ ሳይሰማለት ይቀመጣል? አባትሽ ግን ‹ልጆች ናቸው› ብለው ታገሡ። ‹እንመክርበታለን› አሏቸው። እነሱ ምን ያደርጋሉ? ስልክ ቁጥር ትተው ሄዱ። ‹ሲወስኑ ይደውሉልን› ብለው።»

ወንጌላዊት በእጇ ፊቷን ሸፈነች።

«አባትሽ ባሰቡት ቁጥር ያንገበግባቸዋል» አሉ እናቷ። «‹ልጄን ኑና ውሰዱልኝ ብዬ ልደውል?› ይላሉ። ‹እንመክርበታለን› ማለት ተመልሳችሁ ኑ ማለት እንደሆነ ማን ይስታል?»

«እሱ ስቶታል» አለች ቀስ ብላ።

«እንግዲህ ከመርጡለ ማርያምም ጠያቂ መጥቷል። እነሱ ሁለቴ ተመላልሰዋል። አባትሽ እስከ ሰኔ ሚካኤል እጠብቃለሁ ብለዋል፤ ከዚያ በኋላ ለነዚያ ቃል ይሰጣሉ።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ዝም አልሽ። ዝም ያለችን ልጅ ምን ብለው ይጠይቋት?»

ስትመለስ በሚኒባሱ መስኮት በኩል ዝናቡን እያየች አሰበች። ደውላ «ደግመህ ላክ» ብትለው ይልካል። ግን ወዶ ይሁን ታዞ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠራጠር ልትኖር ነው። ዝም ብትል ደግሞ የመርጡለ ማርያሙ ሰው ደጅ ላይ ነው። ማርቆስን አልፋ ሽቅብ ስትወጣ ያ ሸንተረር ታያት፤ ሳጥኗም አናቱ ላይ በዝናብ ቁማለች። ያኔ ነው ያቺ የድፍረት ሐሳብ የመጣችባት።

አያ ደምለው የድንች ዘር ሲመርጡ አገኘቻቸው። በሮብ ገበያ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው የሚመጣው።

«አያ ደምለው፣ ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ።»

«ከማን ተጣላሽ?»

«አልተጣላሁም። አባቴ ዘንድ ሄደው እኔን እንዲጠይቁልኝ ነው። ለመሳፍንት።»

ድንቹን አስቀመጡት። «እሱ ላከኝ?»

«አልላከዎትም።»

«ባልላከኝ ሰው ስም ደጅ አልቆምም፣ ልጄ። የሚዋሽ ሽማግሌ ምኑ ሽማግሌ ነው?»

«ልኮ ነበር እኮ። ቃሉ አንድ ጊዜ ወጥቷል፣ መንገድ ላይ ነው የቀረ። እርስዎ አዲስ ነገር አይናገሩም፤ የሱኑ ቃል መልሰው ይናገራሉ። ይኼ ውሸት ነው?»

አያ ደምለው ጢማቸውን እያሻሹ ቆዩ። ባለቤታቸው እትዬ አለሚቱ ከበሩ ላይ ሆነው ሁሉን ሰምተዋል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? ተናገረች፤ ሂድላት እንጂ» አሉ።

«ልጁ አልፈልግም ቢልስ? በስተርጅና ልታዋርዱኝ ነው?»

«ያን ጊዜ የምዋረደው እኔ ነኝ» አለች ወንጌላዊት። «እወደዋለሁ፣ አያ ደምለው። ሌላ የምለው የለኝም።»

እሑድ ማለዳ አያ ደምለው ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ከወንጌላዊት አባት ከመሪጌታ ገዳሙ ደጅ ቆሙ። ተቀመጡ ቢሏቸው እምቢ፣ ቅመሱ ቢሏቸው እምቢ አሉ፤ የመሳፍንትን ቃል ቆመው ተናገሩ። መሪጌታም ለረጅም ጊዜ አዩዋቸውና «ከሰኔ ሚካኤል በፊት አንድ ጊዜ ተመለሱ» አሏቸው። እንዲህ ከተባለ ግማሹ እሺ ነው።

ወንጌላዊት በቅዳሜው ማርቆስ ወረደች። መሳፍንት ኮሌጁ ውስጥ ከማሽኑ ፊት ተቀምጦ ነበር። ሲያያት ብድግ አለ። ከስቷል።

«ባትሪው ተበላሸ?»

«ደህና ነው። ለምን ተውከኝ?»

እንዲህ ፊት ለፊት ይመጣል ብሎ አልጠበቀም። ወንበር ሳበላት፤ አልተቀመጠችም።

«አልተውኩሽም። አባትሽ አልደወሉም። አንቺን ስጠይቅ ‹እኔ ምን አውቃለሁ› አልሽኝ። ሌላ ሰው አለ ማለት ነው አልኩ። እንዳላስጨንቅሽ ብዬ ቀስ አልኩ። መጀመሪያ አንድ ቀን ልዝለል አልኩ፣ መልስ ሳጣ ደግሞ እጥፉን ልጠብቅ...»

ቃሉን አልጨረሰውም። ማሽኑን አየ፣ እሷን አየ፣ አንገቱን ደፋ።

«ወይ እኔ» አለ በመጨረሻ። «በዚህ ልመረቅ ነው እኮ።»

ልትስቅ ነበር፤ ግን እንባዋ ቀደመ። «‹እንመክርበታለን› ማለት ተመለሱ ማለት ነው። ሴት ልጅ ያለው ሰው ስልክ አይደውልም።»

«ማንም አልነገረኝም።»

«አልጠየቅክም። እኔም ዝም አልኩ። ጥፋቱን እንካፈለዋለን።»

«አሁን ሁሉም ነገር አለቀ?»

«ሁለተኛዎቹ ሽማግሌዎች እሑድ ዕለት ሄደዋል።»

«ማን ላካቸው?»

«እኔ።»

መሳፍንት አንድ እርምጃ ወደሷ መጣ፤ እጇን አንስታ አስቆመችው።

«ሦስተኛዎቹን ግን አልልክም። ሰኔ ሚካኤል ሳይደርስ ብትፈልገኝ ትልካለህ። አሳዝኜህ እንዳትልክ። ከዚህ በላይ መሄድ አልችልም፣ መሳፍንት፤ ደክሞኛል።»

አፉን ሳይከፍት ወጣች። መናኸሪያ ስትደርስ ስልኳን አጠፋችው። መልሱ በደጅ እንዲመጣ እንጂ በስልክ እንዲመጣ አልፈለገችም። ያ ሳምንት በሕይወቷ ካሳለፈችው ሁሉ የረዘመ ሆነባት፤ በማሽኑም አጠገብ አላለፈችም።

ከሰኔ ሚካኤል በፊት የመጨረሻው እሑድ ደብረ ወርቅ ላይ ዝናብ ሲዘንብ አነጋ። ሽማግሌ የሚመጣው በማለዳ ነው። ማለዳው አለፈ። ቅዳሴ ወጣ፣ ምሳ ደረሰ፣ ማንም የለም። እናቷ አላናገሯትም። ወንጌላዊት ጓዳ ገብታ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች። በቃ፣ አለች። የመርጡለ ማርያሙንም አላገባም፤ ሮብ ገበያ እመለሳለሁ፣ በሬንም እዘጋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ውሻው ጮኸ። አያ ደምለው ከፊት፣ ሦስት ሽበታሞች ከኋላ፣ ጋቢያቸው ዝናብ እያንጠባጠበ ደጁ ላይ ቆሙ። ወንዝ ሞልቶባቸው ከማዶ ሆነው እስኪጎድል ሲጠብቁ ኖሯል። መሪጌታ ከጣሪያው ሥር ተጠለሉ አሏቸው፤ እምቢ አሉ።

«የማን ሽማግሌ ናችሁ?»

«መሳፍንት ልኮን ነው» አሉ አያ ደምለው። «ከወንዙ ማዶ ድረስ አብሮን መጥቷል። እዚያ ዝናቡ ላይ ቁሟል።»

መሪጌታ ወዲያው አልመለሱም። ወደ ጓዳ ገቡና ከልጃቸው ፊት ቆሙ።

«ልጁ የሚኖረው ማርቆስ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ባለፈው ሽማግሌ የመጣኝ ግን ከሮብ ገበያ ነው። ከሮብ ገበያ ማን ይልካል?»

ወንጌላዊት ወደ መሬት አየች። «እኔ ነኝ፣ አባባ።»

ቁጣቸውን ጠበቀች። እሳቸው ግን አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

«እኔ እናትሽን ስጠይቅ አራት ጊዜ ደጅ አስጠንተውኛል» አሉ። «በሦስተኛው ልተወው ነበር። ትወደኝ እንደሆነ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።» ወደ ደጁ ዞረው አዩ። «ሰዎቹን ዝናብ እየመታቸው ነው። ምን ልበላቸው?»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«አልሰማሁም።»

«እሺ ይበሏቸው፣ አባባ» አለች ቀና ብላ፣ እናቷ ከወዲያኛው ክፍል ሆነው እስኪሰሙት። «ልጁንም ከዝናቡ ያስገቡት።»