ክቡ ውስጥ የገባው እግር

የቅርጫት ኳሷ ገና ሽቅብ እየወጣች ሳለ ፌንጣ የሚሏት ተማሪ ቀኝ እግሯ የመሀሉን ክብ መስመር አለፈ።

የሁሉም ዓይን ወደ ላይ ነበር። በሁለቱ ዘላዮች መካከል ኳሷን ወደ ላይ ያጎናት አሰልጣኙም አንገቱን ቀና አድርጎ እሷኑ ያያል። ቁመቷ ቅጽል ስም ያወጣላት ሰንበሌጥ ዘለለች፤ ኳሷን በጣቷ ጫፍ ነክታ ወረደች። ያረፈችው ግን ወለሉ ላይ አልነበረም፤ የፌንጣ ጫማ ላይ ነበር። የሰንበሌጥ ቁርጭምጭሚት ሲዞር ፌንጣ በራሷ እግር ውስጥ ተሰማት። ደንግጣ እግሯን ስባ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ሌሎቹ ቁልቁል ሲያዩ ሰንበሌጥ ብቻዋን ወለሉ ላይ ተዘርራለች።

ሕጉን ፌንጣ አሳምራ ታውቀዋለች። ከዘላዮቹ አንዷ ኳሷን እስክትነካ ድረስ ዙሪያውን የቆሙት ክቡ ውስጥ እግራቸውን አያስገቡም። ነገር ግን በማግስቱ የትምህርት ቤቱ ቡድን ይመረጣል፤ እሷ ደግሞ ከሁሉም አጭር ናት። አንዲት እርምጃ ብትሰርቅ ማን ያያል ብላ ነበር።

ያየች ነበረች። ጓደኛዋ ጉንጬ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እኔ አይቻለሁ፤ ግን አላየሁም» አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሌላ ማንም አልነቃም። ፍሪ ነሽ። ዝም ብለሽ ወደ ቤት ላሽ በይ።»

ፌንጣ የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀምራ ተወችው።

«እግሯ ተሰብሮ ቢሆንስ?»

«ብትናገሪ ይጠገናል?»

ፌንጣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ወደ ግቢው በር የሚወስደው ኮሪደር በመጀመሪያ እርዳታ መስጫው ክፍል በኩል ያልፋል። በሩ ገርበብ ብሏል። ቶሎ ላልፍ ስትል የሴት ድምፅ ሰምታ ባለችበት ደርቃ ቀረች።

«ልጄን አደራ ብዬ ነበር የሰጠሁዎት» ትላለች የሰንበሌጥ እናት። ከልብስ ስፌቷ ተጠርታ እንደመጣች ያስታውቃል፤ እጅጌዋ ላይ ሰማያዊ ክር ተንጠልጥሏል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ አሰልጣኙ። «ኳሷን አጣምሜ ሳልወረውራት አልቀረሁም። ለርዕሰ መምህሯም ይህንኑ እጽፋለሁ።»

«ቲቸር፣ አልተጣመመችም እኮ» አለች ሰንበሌጥ አልጋው ላይ ሆና። እግሯ በበረዶ ተጠቅልሏል። «ስወርድ የሆነ ነገር ረግጫለሁ።»

«ወለሉ ባዶ ነበር ብለውኛል» አለች እናትየው ደክሟት። «ምኑን ረገጥሽ? አሁንስ ነገር አታብዢ።»

ሰንበሌጥ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ፌንጣ ዞር ብላ አየች። በኮሪደሩ ጫፍ የግቢው በር ተከፍቶ ይታያል፤ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ብትናገር ነገ ስሟ ዝርዝሩ ላይ አይኖርም። እሱስ ይሁን። እናትየው ምን ትላት ይሆን? አሰልጣኙ ከእንግዲህ በምን ዓይን ያያታል? ሰንበሌጥስ? አንድ እርምጃ ወደ ግቢው በር ሄደች። ሁለተኛው አልሆንላት አለ።

ተመልሳ የእርዳታ ክፍሉን በር በቀስታ ገፋችው። ሦስቱም ዞረው አዩዋት።

«ምን ፈለግሽ፣ የኔ ልጅ?» አለች እናትየው።

ፌንጣ እግሬ አውጪኝ እንዳትል፣ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። ከዚያ እናትየውንም አሰልጣኙንም አልፋ አልጋው አጠገብ ቆመች።

«የረገጥሽው የኔን እግር ነው» አለቻት።