ብረት የማይገባበት ክፍል

ፕሮፌሰሩ ብረት በማይገባበት ክፍል፣ የሩቅ ጨረቃዎችን መግነጢስ የሚለካውን መሣሪያ በሚፈትሹበት ጠረጴዛ ሥር ሞተው ተገኙ። የገደላቸው የነሐስ መዶሻ አጠገባቸው ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ ኮሪደሩ በጠብ ታምሷል።

«እሷ ናት!» አለ የፕሮፌሰሩ ረዳት። «ጩኸት ሰምቼ ከወርክሾፑ ሮጬ ስገባ መዶሻውን ይዛ አገኘኋት!»

«አንተ ዓይን አውጣ! እኔ ስደርስ አንተ ውስጥ አልነበርክም?» አሉ የሟች ሚስት በብረት ምርኩዛቸው እየጠቆሙት።

የሕንፃው ዘበኛ ፊቱን አዞረ። «እኔ ስገባ ሁለቱም ውስጥ ነበሩ። በጠባችሁ አታስገቡኝ።»

መርማሪዋ ወደ ሚስትየው ዞረች። «እጅጌዎ ላይ ደም አለ። እስኪጣራ ከዚህ አይነሱም።»

«ባሌን ማቀፌ ወንጀል ሆነ?»

«ከሟች ጋር ጠብ ነበረህ?» አለችው መርማሪዋ ረዳቱን።

«የምናጠናት ጨረቃ የራሷ መግነጢስ አላት ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው ከምትዞራት ፕላኔት የመጣባት ነው አሉ።»

«ነገ በጉባኤ ፊት ሊያፈርሱበት ነበር» አሉ ሚስትየው። «የአምስት ዓመት ልፋቱን!»

በሩ አጠገብ መደርደሪያ አለ። ብረት መሣሪያውን ስለሚያውክ ሠራተኛ ሁሉ ከመግባቱ በፊት ቀበቶና ቁልፉን እዚያ ያኖራል።

«ስትሮጥ ብረትህን አወለቅክ?»

«ሰው እየሞተ ቀበቶ ይፈታል እንዴ? ከነመፍቻዬ ነው የገባሁት!»

መርማሪዋ ሦስቱንም ብረታቸውን እንደያዙ ተራ በተራ በበሩ አሳለፈቻቸውና መሣሪያው በወረቀት ላይ የሚያሰምረውን መስመር ከጠዋቱ ጋር አነጻጸረች። ከዚያ ሰበሰበቻቸው።

«ሦስት ሰዓት ከስምንት ላይ መስመሩ ተንቀጥቅጧል፤ ሟች ሲወድቁ ጠረጴዛውን መትተውታል። ከዚያ በፊት ብረት አልገባም፤ ገዳዩ ብረት አልያዘም ማለት ነው። እትዬ ደግሞ ያለ ምርኩዝ አንድ እርምጃ አይራመዱም። ምርኩዛቸው የገባው ከሁለት ደቂቃ በኋላ ነው። ቀጥሎ ሶሉ በብረት የተመታው የዘበኛው ጫማ። አንተስ? አሁን በበሩ ስታልፍ መፍቻህ መስመሩን ተራራ አሳከለው። ጠዋት ግን ምልክቱ የለም። የታለ?»

ረዳቱ ወገቡ ላይ ያለውን መፍቻ በእጁ ሸፈነ።

«ብረትህን ፈትተህ ስለገባህ ነው። እጅህ ልማዱን አልረሳም፤ ሲዋሽ የረሳው አፍህ ነው።»

«ልለምናቸው ነበር የገባሁት» አለ ረዳቱ። «ሳቁብኝ።»

ፖሊሶች ወሰዱት። መርማሪዋ ሚስትየውን ልታስነሳ እጇን ዘረጋች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ።»

«እጅሽን አንሺ! ሦስት ሰዓት ሙሉ ከባሌ ሬሳ ለይተሽኛል። በይ አሁን ከበሩ ላይ ዞር በይልኝ።»

መርማሪዋ ዞር አለችላቸው።