ከሦስተኛው ምሰሶ ሥር

በንጉሥ አልመዳ ዘመነ መንግሥት፣ በዘጠነኛው ዓመት፣ በሴራን ታላቅ ድልድይ ላይ ክፉ ምልክት ታየ፦ የሦስተኛው ምሰሶ ቆዳ አመድ መሰለ። አዎ፣ ድልድዩ ቆዳ ለባሽ ነው። ኩርማ የተባለው የሐይቅ አውሬ ያወለቀውን ቆዳ ሴራናውያን በድንጋዩ ላይ ይለጥፉታል፤ ምሰሶው በውስጡ ሲሰነጠቅ ቆዳው ደም መስሎ ይቀላል። ያኔ ያን ምሰሶ የገነባው ግንበኛ፣ ድጋፍ እስኪቆም ድረስ ከምሰሶው ሥር እንዲቆም ሕግ ያስገድደዋል። ጥንቃቄ ያስተምራል ብለው ነው፤ ያስተማረው ግን ሌላ ነገር ነው።

ሕዝቡ «አልቀላም እኮ፣ ምን ጎደለን?» አለ። የቆዳው ጠባቂ ወጣቷ አዝመራ ግን ከንጉሡ ፊት ቀረበች።

«ጃንሆይ፣ ይህ ጤና አይደለም፤ ቆዳው ሞቷል። አዲስ ሳላመጣ ብመለስ፣ ስሞት መሬት አትቀበለኝ።»

የመከሩ ጉዞ አሥር ቀን ቀርቶት ነበር። ያን ቀን የሰባት አገር ሰው ከነከብቱ በድልድዩ ይሻገራል።

አባቷ ደርሶ አብሯት ወጣ። ሦስተኛውን ምሰሶ የገነባው እሱ ነው። የአመዱን በረሃ በአራት ቀን አቋርጠው፣ አንዷን በቅሎ ለጅብ ገብረው፣ ሐይቁ ዳር ደረሱ። ኩርማ ከውኃው ብቅ አለ፤ አንገቱ ከዋርካ ይረዝማል።

«ቆዳዬን እንዳወልቅላችሁ፣ ከእናንተ አንዱ የደበቀውን ያውጣ» አለ።

«የንጉሡን ማር ሰርቄ በልቻለሁ» አለች አዝመራ። አውሬው እንኳ ሳቀባት።

ደርሶ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ። «ቆዳውን የገደልኩት እኔ ነኝ። መቅላት ሲጀምር፣ እንዳይታይ ሞራ ቀባሁት። ሞት ፈራሁ፣ ልጄ።»

ኩርማ ቆዳውን አውልቆ ጣለላቸው። አዝመራ ግን አላነሳችውም።

«አባባ፣ እዚሁ እንተወው። አልሰጠንም እንላለን።»

«ሰው እየተሻገረ ቢናድስ?»

«እኔ ያለኝ አባት አንድ ነው።»

«አውቃለሁ። አንሺው።»

እያለቀሰች ተሸከመችው። የመመለሻውን አራት ቀን ሙሉ አላነጋገረችውም፤ ዕድሜዋን ሁሉ የቆጫት ይህ ዝምታ ነው።

ሕዝቡ ለመሻገር ተሰብስቦ ሳለ አዲሱ ቆዳ ተለጠፈ፤ ወዲያው ከላይ እስከ ታች ቀላ። ንጉሡ ሰዉን አስመለሰ። ደርሶ ማንም ሳይጠራው ከምሰሶው ሥር ገብቶ ቆመ፤ የድጋፉን ግንድ የት እንደሚያቆሙት ለአናጺዎቹ ያሳያቸው ጀመር። ሁለተኛው ግንድ ሳይቆም ምሰሶው ተንቀጠቀጠ። አናጺዎቹን ገፍትሮ አወጣቸው፤ እሱ እዚያው ቀረ። ድልድዩ ተናደ፤ ላዩ ላይ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ንጉሡ አዝመራን «የፈለግሽውን ጠይቂኝ» አላት።

«ሕጉ ይቅር፣ ጃንሆይ። ሞራውን የቀባው አባቴ ነው፤ ያስቀባው ግን ሕጉ ነው። ምሰሶው የቀላበት ሰው መጥቶ ይናገር፣ ተናግሮም በሰላም ቤቱ ይግባ።»

ሕጉ ቀረ። ድልድዩ እንደገና በተሠራ በዓመቱ፣ የሦስተኛው ምሰሶ አዲስ ግንበኛ ገና በማለዳ እያለከለከ የአዝመራን በር አንኳኳ።

«ቀልቶብኛል» አላት። «ነይና እይው።»