ጉርማሽ የማይገልጠው መጽሐፍ

የዘለቃ ወንዝ ወደ ኋላ በፈሰሰበት ማለዳ፣ የሐርማዝ ንጉሥ የመጻሕፍት ግምጃ ቤቱን አስከፈተ። አንድ መደርደሪያ ባዶ ነበር። የወንዙ መጽሐፍ ተሰርቋል።

በሐርማዝ ምድር ገጣሚና ሠዓሊ አብረው በአንድ መጽሐፍ ያሰፈሩት ነገር ሁሉ ሕይወቱ ከመጽሐፉ ጋር የተሳሰረ ነው። መጽሐፉ አርባ ቀን ሳይገለጥ ከቆየ ብራናው ይነጣል፤ ነገሩም ከምድር ይጠፋል። ሌባው ደግሞ ጉርማሽ ነው፤ ባለ ሦስት ጅራቱ አውሬ፣ ብርቅ መጻሕፍትን በቁመታቸው ደርድሮ የሚያከማች፣ አንዱንም ገልጦ የማያውቅ። «ሲገለጡ ይጎሳቆላሉ» ይላል አሉ።

የግምጃ ቤቱ ጠባቂ ወጣቷ ትንግርት በንጉሡ ፊት ቀኝ እጇን አንሥታ ማለች፦

«ወንዙን ሳልይዝ ብመለስ ያገሬ አፈር አይቀበለኝ።»

መጽሐፉን የሠሩት አዛውንቶች፣ ገጣሚው አጥናውና ሠዓሊዋ ዘርፌ፣ ካልተከተልን አሉ። ችግሩ፣ በሽፋኑ ላይ የማን ስም ይቅደም ብለው ተጣልተው ሃያ ዓመት አልተነጋገሩም።

«ቀስ ብሎ ይርገጥ በይው» አለች ዘርፌ ለትንግርት፣ ወደ ጉርማሽ ዋሻ በሚወስደው ገደል አፋፍ ላይ።

«ዕድሜዋን ለራሷ ታስብ በያት» አለ አጥናው።

«እትዬ፣ ጋሼ፣ መጽሐፉ ሳይገለጥ ዛሬ ሠላሳ ስምንተኛው ቀን ነው» አለች ትንግርት። ከሥራቸው ወንዙ እንደ ክር ቀጥኗል። በየአሥር እርምጃው እየዞረች ክሩ አለመበጠሱን ታያለች።

ጉርማሽ ጥፍሮቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ከዋሻው ደጃፍ ተቀበላቸው።

«ወንዙን እመልሳለሁ። በለውጡ ግን አቻ የሌለው መጽሐፍ እዚሁ ሥሩልኝ።»

«ቁንጫን እናስገባ» አለች ትንግርት ፈጥና። ቁንጫ ከምድር ቢጠፋ ማን ይከፋዋል?

«ልጄ፣ ስብስቤን አታዋርጂብኝ። የሚያለቅስለት የሌለው ነገር ብርቅ አይባልም።»

ማርን? እንቅልፍን? ትንግርት በሐሳቧ ያነሣችው ሁሉ የአንድ አገር ሐዘን ነው። ያኔ አጥናው ወደ ሠዓሊዋ ዞረ።

«ዘርፌ፣ እኔን ሣይኝ። እኔ አንቺን እጽፋለሁ።»

ዘርፌ አተኩራ አየችው። «አፍንጫህን እንዳለ ነው የምሥለው» አለች።

«እኔም ምላስሽን።»

«አይሆንም» አለች ትንግርት። «እኔ ልግባ።»

«ወንዙን በየአርባ ቀኑ ማን ሊገልጠው ነው? ንጉሡ? እሱ የገዛ ደብዳቤውንም አይገልጥ» አለች ዘርፌ፤ ብሩሿንም አነሣች።

በአርባኛው ቀን ረፋድ ላይ ቀለሙ ደረቀ። ጉርማሽ አዲሱን መጽሐፍ ከድኖ ከመደርደሪያው ሰተረው። ሌባ እንጂ ቃለ አባይ አልነበረምና የወንዙን መጽሐፍ አስረከበ። ትንግርት ገለጠችው። የገጹ ግማሽ ነጥቷል። ሰማያዊው ቀለም ቀስ እያለ ወደ ነጩ ተመለሰ፤ ከገደሉ ሥር የውኃ ድምፅ ተሰማ።

ከዚያ ወዲህ ለሁለቱ አዛውንቶች የቀራቸው አርባ ቀን ነበር። ሁሉንም ሲጨቃጨቁ አሳለፉት፤ ፊት ለፊት፣ ያለ መልእክተኛ። በመጨረሻው ቀን በዘለቃ ዳር ተቀምጠው ስለ አንዲት ስንኝ ይከራከሩ ነበር። አጥናው «ስሚኝማ፣ እኔ ያልሁት» ሲል ድምፁ ተቋረጠ። አጠገባቸው የነበረችው ትንግርት ቀና ስትል ሁለት ባዶ በርጩማ አየች።

አጠገቧ እንስራዋን የምትሞላ ሴት ወደ ውኃው እያየች፣

«ዘንድሮ እንዴት ደፍርሷል እባክሽ» አለች። «እነዚህ የግምጃ ቤት ሰዎች ምን እየሠሩ ይሆን?»

ትንግርት ጎንበስ ብላ በእፍኟ ጨለፈችና ጠጣች።